ስለ እህቴ የጻፍኩት ማመልከቻ

ወይም ዝም ብዬ ልቀመጥ፣ ማን ያስገድደኛል፣ አስር ሰዓት ሲሞላ የማመልከቻው ገጽ ራሱ ይዘጋል፣ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ እላለሁ፣ መብራት ሄደ እላለሁ፣ ማን ያጣራል። ዘጠኝ ከሃያ። አርባ ደቂቃ አለኝ። ያ ዩኒቨርሲቲ ከመቶ አመልካች አራት ሰው ነው የሚቀበለው፣ አራት፣ የቀረው ዘጠና ስድስት ወደ መጣበት። እንደ እሷ።

እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ናት፣ እህቴ፣ የፊተኛው ክፍል የልብስ ስፌት ሱቃችን ነው፣ የኋለኛው ቤታችን፣ የስፌት መኪናው ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል፣ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነው። እኔ አልጋዋ ላይ ነኝ። ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ገዛ አልጋዋ ላይ ተቀምጬ፣ ስለ እሷ የጻፍኩትን እያነበብኩ። አያሳፍርም? ያሳፍራል። ግን ያምራል፣ ምን ላድርግ፣ ያምራል።

«ሕይወትሽን የለወጠ አንድ አጋጣሚ፣ ከስድስት መቶ ቃላት ባልበለጠ ግለጪ» ይላል ፎርሙ። መጀመሪያ ስለ አባታችን ሞት ነበር የጻፍኩት፣ የሒሳብ አስተማሪዬ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ፣ ልጄ፣ አባት የሞተበት ሰው ብዙ ነው፣ ሌላ የለሽም? ሌላ። አሰብኩ ልበል? አላሰብኩም፣ ምላሴ ላይ ነበረች፣ እህት አለችኝ አልኳቸው፣ ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው አመልክታ የወደቀች፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ያልሆነች። በይ እሱን ጻፊ፣ አሉኝ፣ እሱ በር ይከፍታል።

ጻፍኩት። አንድ ከሰዓት በኋላ አልፈጀብኝም። ሰፈሩ ፕሮፌሰር እያለ ያሳደጋት ልጅ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ፣ መልሱ ሲመጣ ሦስት መስመር፣ እናዝናለን፣ የአመልካቾች ብዛት፣ መልካም ዕድል። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እናታችን ለደንበኛ ሁሉ ጉንፋን ይዟት ነው ትላለች፣ እኔ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አምጥቼ እንደተኛች ፀጉሯን አጥባታለሁ። በሃያኛው ቀን ተነሳች፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ የአባታችን መኪና ላይ ተቀመጠች፣ ይኸው እንደተቀመጠች። ሌላ ቦታ አመልክቺ ብትባል አትሰማም። ሰዉ አሁንም ፕሮፌሰር ነው የሚላት፣ ፕሮፌሰር፣ የዚፔ ነገር እንዴት ሆነ? ነገ ይምጡ፣ ትላለች፣ ቀና ሳትል፣ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ። ስፒሉንም ጽፌዋለሁ። ስፒሉ በጣም አሪፍ ነው።

እናቴ ባለፈው ሳምንት እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝ፣ አንቺም ልትተኚብኝ ነው? ሁለት የተኛ ሰው አልችልም፣ እዚህ ቅርባችን ያለው ኮሌጅ ምን አነሰሽ፣ እሺ ብታልፊስ፣ ብታልፊ እቺ ልጅ ምን ትሆናለች ብለሻል? ብያለሁ። ካለፍኩ ትሞታለች። ከወደቅኩ እኩል እንሆናለን፣ አንድ መኪና ለሁለት፣ እሷ ትሰፋ እኔ እዘመዝም። ደስ ሊላት ሁሉ ይችላል። ይበላት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ።

መኪናው ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ?

መጋረጃው ተገለጠ፣ መቀሱን አይተሽዋል ሚጢጢ፣ አላየሁም፣ ምንድነው እሱ፣ ምንም፣ እስቲ፣ ተይ ባክሽ፣ እስቲ አልኩሽ። ወሰደችው። ቆማ ታነባለች። ድሮም ፈጣን ናት፣ ዓይኗ መስመር ላይ አይቆምም፣ ክር ተጠምጥሞበታል ጣቷ፣ እኔ ክሩን አያለሁ፣ ፊቷን አላይም፣ አልቻልኩም።

ጎበዝ፣ አለች።

ጎበዝ?

ውሃው ግን ለብ ያለ አልነበረም፣ ቀዝቃዛ ነበር። እሺ፣ አስተካክለዋለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ጎድሏል። ምን? መልሱ የመጣ ቀን እናታችን ስትጮህ፣ አንቺ ጓሮ ወጥተሽ ለጓደኛሽ ደወልሽ፣ መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ምን አልሻት? እንጃ፣ አላስታውስም። እኔ አስታውሳለሁ። እሰይ፣ ደግ አደረጓት፣ አሁን እንኳ እንደ ሰው ትሆናለች፣ ነው ያልሽው። ከዚያ ሳቅሽ።

አስራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ልላት ነው፣ አስተማሪ ሁሉ በገባ ቁጥር አንቺ የእሷ እህት ነሽ እስቲ እናያለን እያለኝ ነው ያደግኩት፣ ልላት ነው፣ በስሜ የጠራኝ ማን አለ፣ አንቺ አንድ ቀን በስሜ ጠርተሽኝ ታውቂያለሽ? ግን አስታውሳለሁ። ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ጆሮ ነው ሳወራት የሰማችኝ፣ ፀጉሯን ሳጥብ፣ አይዞሽ ስላት።

ጨምሪው፣ አለች፣ ከዚያ ላኪው። ካልጨመርሽው ደግሞ እኔን አውጪኝ። ድምጿ ስለ ሸሚዝ ቁልፍ ቤት የምታወራ ነው የሚመስለው። ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ መለሰችልኝ፣ መቀሱን ከትራሱ ሥር አወጣች፣ ወጣች። በወዲያ በኩል ሰው እየተጣራ ነው፣ ፕሮፌሰር! አለሽ? አለሁ፣ ይግቡ።

ለአስር አስር ጉዳይ። ሄጄ እግሯ ላይ ልውደቅ፣ ትስቃለች። ልሰርዘው፣ ሁሉንም፣ ልዝጋውና ሄጄ ክር ልሰካላት። ሃያ ሁለት ቃል የሚሆን ቦታ አለኝ። ይኸው፣ ቆጠርኩ፣ ገና ድምጿ ከክፍሉ ሳይወጣ ቆጠርኩ። ለብ ያለ የሚለውን አጠፋለሁ፣ ቀዝቃዛ። ከዚያ ታች እወርዳለሁ፣ መጨረሻው ላይ፣ መልሱ የመጣ ቀን ጓሮ ወጥቼ እሰይ አልኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር። እህቴ ሰምታኛለች። አስራ ሁለት ቃል።

ከላይ ጀምሬ አነበዋለሁ። ማልቀስ ነበረብኝ። እጠብቃለሁ፣ ይመጣል ብዬ፣ አይመጣም፣ የሚመጣው ሌላ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተሻለ፣ በጣም ነው የተሻለው፣ ያለዚህ ጎዶሎ ነበር፣ እሷም አንብባ ያወቀችው ይህንኑ ነው፣ ድሮም ከኔ ትበልጣለች። ጣቴ ላክ የሚለው ላይ ነው።