በጆሮ የተባለ ሶሪ

፩

አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ «ሌባ» ብሎህ በጆሮህ «ሶሪ» ቢልህ፣ ታርቃችኋል?

፪

ሶሪ።

የእንግሊዝ ቃል ነው። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ትውልዱን ልንገርህ። በጥንት ዘመን የታመመ፣ ልቡ የቆሰለ ሰው ስለ ራሱ የሚለው ነበር። ለሐዘን ከሚሉት «ሶሮው» ጋር ወንድማማች ይመስላል። አይደለም። የተወለደው ከቁስል ነው። ያኔ የሚያመው ተናጋሪውን ነበር።

ነበር።

፫

የዛሬ አገልግሎቱ፦

ታክሲ ውስጥ የሰው እግር ሲረግጡ።
ያልሰሙትን ለማስደገም።
ስብሰባ አርፍዶ ለመግባት።
ለቅሶ ቤት፣ አማርኛው ሲጠፋባቸው።

ደግሞም ርእሰ መምህር አቶ ደምመላሽ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ። ሳይቆሙ።

፬

የሆነው ይህ ነው። የአሥረኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ከመሰጠቱ በፊት ተሰርቆ ወጣ። ጠዋት ባንዲራ እንደተሰቀለ አቶ ደምመላሽ የሚኒ ሚዲያውን ማይክ ያዙና «ፈተናውን ሰርቃ ያወጣችው ሌባ መምህርት ትርሲት ናት!» አሉ። ትርሲት እኔ ነኝ። ግቢ ሙሉ ተማሪ ሰማ፤ አጥር ሥር የቆሙ ወላጆችም ሰሙ።

ብዙም ሳይቆይ ፈተናው የወጣው ከማባዣ ክፍል መሆኑ ታወቀ። ያወጣው እዚያ የሚሠራው፣ እሳቸው ራሳቸው ያስቀጠሩት የአክስታቸው ልጅ ነው።

«ሶሪ፣ ትርሲት» ብለውኝ ያለፉት ያን ጊዜ ነው።

፭

ሽምግልና፣ በመምህራን ማረፊያ። ሽማግሌው የታሪክ መምህሩ ጋሽ ተካልኝ ናቸው።

ጋሽ ተካልኝ፦ ልጄ፣ ሰውየው ሶሪ ብሏል። ምን ቀረሽ?

እኔ፦ ማን ሰማው?

አቶ ደምመላሽ፦ አንቺ ሰማሽ። ለአገር ምድሩ ላውጅልሽ?

እኔ፦ ስድቡን አውጀውት የለ?

አቶ ደምመላሽ፦ ማይኩ ተበላሽቷል።

ጋሽ ተካልኝ፦ ኧረ ደምመላሽ! ዛሬ ጠዋት በምን ነበር አርፋጆቹን ስትገሥጽ የነበረው?

አቶ ደምመላሽ፦ ጋሼ፣ ርእሰ መምህር ተማሪ ፊት አጠፋሁ ካለ ማን ይፈራዋል?

እኔ፦ እኔንስ ማን ያምነኛል?

ጋሽ ተካልኝ፦ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ልጄ።

እኔ፦ ያፈሰሰው ግን ይወልውል።

አቶ ደምመላሽ፦ ከከበደሽ ዝውውር ጠይቂ። ዛሬውኑ እፈርምልሻለሁ።

፮

ክፍል ስገባ ከኋላ ወንበር ድምፅ መጣ፦ «ቲቸር፣ ለእኛ ክፍልስ አያወጡልንም?»

ሳቅ።

ልጆቹን አልቀየምም። የሰሙትን ያዙ። ሌላ ነገር የነገራቸው ማን አለ?

፯

አንባቢ፣ እዚህ ላይ «ተይው፣ ለእግዜር ስጪው» ልትለኝ ነው። ጽሑፉም በምርቃት ቢያልቅ ያምርልኝ ነበር።

አላሳምረውም።

እኛ ሰው ሲደናቀፍ እንኳ «እኔን!» የምንል ነን። የሌላውን ሕመም ወደ ራሳችን የምንጠራ። አቶ ደምመላሽ አማርኛ ጠፍቷቸው አይደለም። «አጥፍቻለሁ» ካሉ «ማን ነበር ታዲያ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል፤ የአክስት ልጅም ይጠራል። ሶሪ ግን ማንንም አይጠራም። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ሕመሙ ወጥቶለት ነው ከእኛ ዘንድ የደረሰው። ለዚህ ነው ሹሞቻችን የወደዱት።

ድንጋይ ተሸክመው ይምጡ አላልኩም። ጉልበቴንም እንዲስሙ አልፈልግም።

፰

ዝውውር አልጠይቅም። እኔ ከሄድኩ ስሜ እዚህ ሌባ ሆኖ ይቀራል፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ተማሪም ይወርሰዋል።

አቶ ደምመላሽ! ከእንግዲህ ሽማግሌ አይላኩብኝ። ተማሪው በተሰለፈበት፣ ወላጅ በሚሰማበት ቆመው ይመልሱ፦ ፈተናውን ያወጣው ማን ነው?

፱

አቶ ደምመላሽ፦