ተቀባይዋ

መሱዳ የድምፅ ማጉያውን ከሶኬቱ ነቀለችው። በሚሠሩበት መዋለ ሕፃናት፣ በባርነሃገው አዳራሽ ሲዘሉ የነበሩት ሕፃናት ባሉበት ደርቀው ቀሩ፤ አንዷ ማልቀስ ጀመረች።

"ኧረ፣ መሱዳ! ምን ነካሽ?" አለች የሥራ ባልደረባዋ ናጽነት። "ዛሬ እንግሊዝ አገር አንደኛ የወጣ ዘፈን እኮ ነው!"

"ጆሮዬን አመመኝ።"

"አማርኛ ያለበት ዘፈን ነው ጆሮሽን የሚያምሽ? እኔ ትግርኛ ተናጋሪዋ እንኳ እየጨፈርኩ!"

መሱዳ ገመዱን ጠቀለለችው። ከእንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ኋላ "ወዲህ ነው፣ ወዲህ ነው" እያለ የሚቀበለው ድምፅ የአክስቷ ልጅ የሪሃና መሆኑን ለማንም አልተናገረችም። ሪሃና ለንደን ውስጥ ፀጉር ሠሪ ናት። ዘፋኟ ደንበኛዋ ነበረች፤ አንድ ቀን ሪሃና ስታንጎራጉር ሰምታ ስቱዲዮ ወሰደቻት። ዘፈኑ ከወጣ ወዲህ ሪሃና ብትደውል ብትደውል መሱዳ አላነሳችላትም።

ደሴ ሳሉ በየሰርጉ ዘፈን አውጪዋ መሱዳ ነበረች። ሪሃና ከተቀባዮቹም ከኋላ ቆማ ጭብጨባ ትስት ነበር። "አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ኪስሽ ክተቺው!" ብላ ሰው ያሳቀችባት ራሷ መሱዳ ናት። የዚያችው ልጅ ድምፅ አሁን መሱዳ በምትኖርበት ከተማ ከሮመን ሰፈር እስከ ማዮርስቱን ሰፈር በየሱቁ ይከተላታል። ከሁሉ የሚያንገበግባት ደግሞ ማሳመሯ ነው።

ሙዚቃው ሲቋረጥባቸው ልጆቹ ራሳቸው "ወዲህ ነው፣ ወዲህ ነው" ማለት ያዙ። ከዘፈኑ የሚያውቁት ይህንኑ ብቻ ነው። የሚያወጣላቸው ስለሌለ ግን ደጋግመው ይጀምሩና ተያይተው ይቆማሉ። መሱዳ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው።

ስልኳ ነዘረ፤ ሪሃና ነበረች። በዚህ ጊዜ አነሳችው።

"እታለም! ወላሂ፣ የሞትሽ መስሎኝ ነበር! የምን ጩኸት ነው?"

"የባርነሃገው ልጆች ናቸው። ያንቺን እየተቀበሉ ነው።"

"ማን እያወጣላቸው?"

"ማንም።"

"አንቺ እያለሽ? ስቱዲዮ ስገባ ፈርቼ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንቺ እንደምታወጪ አስቤ ነው የተቀበልኩት። በይ አውጪላቸው፣ ልስማሽ።"

ደግነቷም አስቀናት። መሱዳ የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ልጆቹ መሀል ትንሿ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

"ዛሬ አንቺ አውጪ" አለቻት።

ከዚያ ከልጆቹ ኋላ ሄዳ ቆመች፤ ጭብጨባው እንዳያመልጣት እየተጠነቀቀች ተቀበለች።