ከጆሮው ሥር ያለችው ቀዳዳ

ማሙሸት መርፌውን ከአጋዘኑ ጆሮ ሥር ባለችው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ሰካና መልሶ ነቀለው። ከጠዋት ጀምሮ ሥራው ይኸው ሆኗል፤ መሰካትና መንቀል። ክሩ በሰም ታሽቷል፣ ቆዳው እንጨት ላይ ተወጥሯል፣ የቀረው ትንሽ ስፌት ብቻ ነው። በአንዋር መስጊድ ጀርባ ካሉት ቆዳ ሰፊዎች መካከል የእሱን ያህል ቀዳዳ የሚሰውር የለም ይባልለታል። ዛሬ ግን እጁ ዳገት ላይ እንደ ደረሰ የጭነት አህያ ቆሞ ቀረ።

"ስንት እርምጃ ትላለህ?"

ድምፁ የመጣው ከኋላው ነው። ማሙሸት ዞር አላለም። ቢዞር የሚያየው የተገለበጠውን የቀለም ባልዲ ብቻ መሆኑን ያውቃል። ይሄይስ ከአደን በተመለሰ ቁጥር እዚያ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ የመጣውን ቆዳ በአገጩ እያመለከተ፣ ከምን ያህል ርቀት እንደተተኮሰ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር። ከጠፋ ወር አልፎታል። ጥያቄው ግን ቆዳው ከመጣበት ከረቡዕ ጀምሮ ከሱቁ አልወጣ ብሏል።

ይሄይስ የአውሬ ዱካ እያነበበ አዳኞችን የሚመራ ሰው ነበር። የአደን ወቅት ሲያልፍ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ከሚስቱ ጋር ይከርማል። ሥራ ሲፈታ ደግሞ ማሙሸት ሱቅ ይመጣና ለጨዋታ ብሎ ቀዳዳ ማንበብ ያስተምረዋል።

"ጥይት ከቅርብ ሲመታ ከነጉልበቱ ነው የሚገባው" ይለው ነበር። "ሥጋ ሲነካ አፉ ይከፈትና እየሰፋ ይሄዳል። መግቢያው ባቄላ ቢያክል መውጫው ቡጢ ያስገባል። እንስሳው እዚያው ድፍት ነው። ከሩቅ የተተኮሰው ግን ደክሞት ይደርሳል። ሳይከፈት እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል። አዳኙ 'ሳትኩት' ብሎ ይበሳጫል፤ አጋዘኑ ሆዱን ተበስቶ ጫካ ለጫካ ሲማቅቅ ያድራል። ፈልጌ የማሳርፈው እኔ ነኝ።"

"ያንተስ ጠመንጃ?"

"የእኔማ የጦር ሜዳ አሮጌ ናት፤ ጥይቷ ከቅርብም ከሩቅም አይከፈትም። ለዚህ ነው አጠገቡ ደርሼ፣ ከጆሮው ሥር፣ አፈሙዙን አስጠግቼ የምጨርሰው። በአንድ። ፊቱም አይበላሽም፣ እሱም አይሰቃይም።"

እንጨቱ ላይ የተወጠረው የደጋ አጋዘን ቆዳ ሁለት ቁስል አለው። አንደኛው ሆዱ ላይ ነው፤ መግቢያውም መውጫውም ባቄላ። ይህን የመታው ሰው እጅግ ሩቅ ነበር። ሁለተኛው ከጆሮው ሥር ነው። እሱም ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ዙሪያውን ያለው ፀጉር ተቃጥሎ ተጠቅልሏል፤ የባሩዱ ጥቁረት ቆዳው ውስጥ ገብቶ በስንት እጥበት አልለቅ ብሏል። ለማሙሸት ይህች የሚያውቃት ቀዳዳ ናት።

"ጋሼ፣ አለቀ?"

ሃብታሙ ነው። በሩ ላይ ቆሞ የመኪና ቁልፍ ያሽከረክራል። የእህቱ ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞት ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር፣ ማሙሸት በዚህ በጠባብ ሱቅ ቆዳ እየሰፋ አሳደገው። ዛሬ ፈቃድ ያለው የአደን አስጎብኚ ነው። ይሄይስን ለሥራው ያገናኘውም ራሱ ማሙሸት ነበር።

"አላለቀም።"

"ለአዳኙ ደንበኛዬ ነገ አውሮፕላን ላይ ይጫናል እኮ! ይቺን የጆሮ ሥሯን ብቻ ዝጋልኝ፤ የተቃጠለውን ፀጉር ላጭና በጎን ፀጉር ሸፍነው። ሆዱ ላይ ያለው እንዳለ ይሁን።"

"ስንት ጥይት ነው የተተኮሰው?"

"ነግሬህ የለ? አንድ። መቶ ሜትር ላይ። እዚያው ወደቀ።"

"መቶ ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ መውጫው ይሰፋ ነበር።"

ሃብታሙ ቁልፉን ማሽከርከሩን ተወ። "አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ሲሉ አልሰማህም? ተወኝ ጋሼ።"

"የእናትህንማ ሞት ከማንም ቀድሜ የተረዳሁት እኔ ነኝ" አለ ማሙሸት። "ይቺ ቀዳዳ የይሄይስ ናት። አንተ፣ ገና ምንም ሳይተኮስ ከእኛ ጋር ተጣልቶ ሄደ አልክ። ለፖሊስም ለሚስቱም እንደዚያ ብለሃል።"

ሃብታሙ ሊቀመጥ ባልዲውን ሳብ አደረገ።

"እዚያ ላይ አትቀመጥ!"

ልጁ ደነገጠ። ልጅ ማለት በማሙሸት ዓይን ነው እንጂ ጢሙ ሸበቶ ጀምሮታል። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመና ወደ መሬት እያየ ተናገረ።

"መሽቶ ነበር። ደንበኛው መጠበቅ አልችል አለ፤ ከሸለቆው ማዶ ተኮሰ። ሩቅ ነው፣ አይሆንም ብዬው ነበር፣ ግን... ሳተው አልን። ይሄይስ ብቻ 'ተመትቷል፣ ሆዱን ነው፣ ሲዘል አይቻለሁ' አለ። ጭጋጉ መጣ። ሕጉ ማንንም ብቻውን አትላክ ይላል። ላክሁት።"

"ከዚያስ?"

"ከጨለመ በኋላ አንድ ጥይት ተሰማን። በነጋታው አጋዘኑን አገኘነው። አጠገቡ የይሄይስ ኮፍያ ነበር። ከዚያ ቁልቁል ገደል ነው።"

"አልወረዳችሁም?"

"ደንበኛው መኪና ውስጥ እየጠበቀ ነበር።" ቀና አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል። "ነገሩ ከወጣ ፈቃዴ ይነጠቃል፣ እታሰራለሁ። እሱ እንደሆን ሞቷል፤ አይመለስም። እናቴን አስብና ዝጋልኝ፣ ጋሼ። መንገዱ ለስግደት ሳይዘጋ መኪናውን ላምጣ።"

ማሙሸት መልስ እስኪሰጥ አልጠበቀም፤ ወጥቶ ሄደ። አጎቱ እንቢ ብሎት አያውቅም፤ በዚህ ተማምኗል። ማሙሸትም መርፌውን አነሳ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እህቱ እጁን ይዛ "ልጄን" ብላ እንደሞተች ትዝ አለውና ነው። ቀዳዳዋን ወጋ። ክሩ ግማሽ አለፈ።

"ስንት እርምጃ ትላለህ?"

"ተወኝ እንግዲህ፣ አንተ ሰውዬ!" አለ ጮክ ብሎ።

"ከማን ጋር ነው ጋሼ ማሙሸት?"

ሠርኬ ናት፣ የይሄይስ ሚስት። ከአትክልት ተራ መምጣቷ ነው፤ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ቀድሟት ገባ። ነጠላዋን እንደ አዘቦቱ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ማሙሸት በድንጋጤ ሻሽ አንስቶ ቆዳው ላይ ጣለ።

"ከራሴ ጋር ነው። ግቢ፣ ምነው በዚህ ሰዓት?"

"ሃብታሙን በዚህ ሲያልፍ አይቼው፣ ዛሬስ ወሬ ይኖረዋል ብዬ ነው። አጣሁት እንጂ።" ቁጭ የምትልበት ፈለገች፤ ባልዲው ላይ ተቀመጠች። ማሙሸት ሊከለክላት አፉን ከፍቶ ተወው። ከይሄይስ ሚስት ሌላ ማን ይቀመጥበት?

ከውጭ አዛን ተሰማ። አርብ ነው። ጎረቤቱ ቅመም ነጋዴው ጠይብ መስገጃውን አንግቶ በበሩ ሲያልፍ "ጋሽ ማሙሸት፣ ዕቃዬን አደራ" ብሎ ሄደ። ወዲያው መንገዱ በሰጋጅ ሞላ፤ አስፋልቱ፣ የሱቆቹ ደጃፍ፣ የጋሪ መቆሚያው ሁሉ ምንጣፍ ሆነ። ከዚህ በኋላ መግባትም መውጣትም የለም። ሃብታሙ ከነመኪናው ማዶ ቀርቷል፤ ሠርኬም እዚህ ቀርታለች።

"ሞያሌ አይተነዋል ያሉኝ አሉ" አለች፣ ለብቻዋ እንደምታወራ። "ሌላ ሚስት አግብቶ ነው ይላሉ። ሽንኩርት የሚገዙኝ ሴቶች ሳይቀሩ በሐዘኔታ ነው የሚያዩኝ። ልጄ 'አባዬ ጥሎን ነው የሄደው?' ሲለኝ ምን እንደምመልስ አላውቅም። እርስዎ ያውቁታል፤ ጥሎ የሚሄድ ሰው ነበር?"

ማሙሸት ወደ ሻሹ አየ። "አልነበረም።"

"ሞቶ ከሆነ እርሜን ላውጣ። ከድቶኝ ከሆነ ልርገመውና ይውጣልኝ። ሁለቱንም ከለከሉኝ እኮ! ነጠላዬን ሳነሳ እንዴት እንደምለብሰው ግራ ይገባኛል፣ ጋሼ። እንደ ሚስት ነው ወይስ እንደ ሐዘንተኛ?"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ውጭ ያ ሁሉ ሰው ባንድ ላይ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ መርካቶ ፀጥ አለች፤ ጋሪ የለ፣ ክላክስ የለ፣ ተሸካሚ "ወደ ጎን!" አይል። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ማሙሸት የሚሰማው የራሱን ትንፋሽ ብቻ ነበር። የለመደውን ጥያቄ ጠበቀ። አልመጣም። ይሄይስ ዝም ያለው መልሱን እየጠበቀ መሆኑ ገባው።

ሁለት ነገር አሰበ። ሃብታሙ እጁ በካቴና ታስሮ ታየው፤ እዚህችው ሱቅ ወለል ላይ የቆዳ ቁርጥራጭ ይዞ ይጫወት የነበረው ልጅ። ደግሞ ከገደል ሥር፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ማንም ያላለቀሰለት ሰው ታየው። ልጁን ቢያስሩት ስንቅ ይወስድለታል። ለሌላኛው የሚወስድለት ምንም የለም፣ እውነቱን ካልሆነ በቀር።

ሻሹን ከቆዳው ላይ ገፈፈ። ግማሽ ያለፈውን ክር በጥርሱ በጠሰና መዘዘው።

"አንድም እርምጃ የለም" አለ።

"ምን አሉኝ?"

"ለአንቺ አይደለም። ነይ ወዲህ።"

ሠርኬ ተነስታ ቀረበች። እጇን ያዘና ሌባ ጣቷን ከአጋዘኑ ጆሮ ሥር፣ የተቃጠለው ፀጉር መሃል አስገባው።

"ሆዱ ላይ ያለውን ደንበኛው ነው የመታው፣ ከሩቅ። አልገደለውም። ሰዎቹ ትተውት ሊሄዱ ነበር። ይሄይስ ግን የቆሰለ ትቶ መሄድ አልሆነለትም፤ ብቻውን በጨለማ ተከተለው። ደረሰበት። አፈሙዙን ፀጉሩ ላይ አስነክቶ አሳረፈው። ይቺ የእሱ ጥይት ናት፣ ሠርኬ። የእጁ ሥራ ናት።"

ጣቷን አላወጣችም። "ታዲያ የት ሄደ?"

"የትም አልሄደም። ከአጋዘኑ ቁልቁል ገደል ነበር።"

ጣቷን ቀስ ብላ አወጣችና ጥቁረቱን የነካውን ጫፍ ጉንጯ ላይ አስነካችው።

"አልጣለንም" አለች።

"አልጣላችሁም።"

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ጥለቱን ወደ ላይ አዞረችና፣ አዘቅዝቃ፣ አንገቷ ዙሪያ አድርጋ ለበሰችው። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

ስግደቱ አለቀ። መንገዱ እንደገና መጮህ ጀመረ፤ ምንጣፎች ተራገፉ፣ ጋሪዎች ተንቀሳቀሱ። ሃብታሙ በሰው መሃል እየተጋፋ መጥቶ በሩ ላይ ደረሰ።

"አለቀ አይደል ጋሼ? መኪናው ማዶ..."

ሠርኬን አያት። መጀመሪያ ያየው ፊቷን አልነበረም፤ ነጠላዋን ነው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ቆዳው ሄደ። ቀዳዳዋ ክፍት ናት።

"ምን አደረግህ?" አለ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። "ጋሼ፣ ምን አደረግኸኝ?"

ማሙሸት መርፌውን ኮቱ ደረት ላይ ሰካና ባልዲውን በእግሩ ወደ ልጁ ገፋለት።

"ተቀመጥ" አለው። "ገደሉ የት እንደሆነ ንገራት። ነገ እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"