ሦስት እሺታ

የቤቱ በር ዕድሜውን ሙሉ በአንድ የዛገ ቁልፍ ሲከፈት ኖሮ ድንገት ተማረ። ያስተማረው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚያፈጥ፣ ቤተሰቡ «ሊቁ» የሚለው።

«ብሎክቼይን ይባላል» አለ ሊቁ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ። «በሩ፣ ካሜራው፣ የውሃ ማሞቂያው፣ ሁሉም ለማን እንደሚታዘዝ የሚጻፈው በአራታችንም ስልክ ላይ ነው። አንዱ ተነስቶ ብቻዬን ልቀይር ቢል የሌሎቹ ስልኮች አንቀበልም ይሉታል። የተስማማንበትን ደግሞ እኔም ራሴ አልፍቀውም።»

«አንተም ካልቻልክ ታዲያ ምኑን ሠራኸው?» አለ መካከለኛው ልጅ፣ ጠበቃው። ሰውዬው ሳይከራከር ውሎ ካደረ ያመዋል።

እናትየውም አልጣማቸውም። «በር አይደል እንዴ? ምን ስብሰባ ያስፈልገዋል?»

ያግባባቻቸው ታላቋ ልጅ ናት። ወንድሞቿ እትዬ ይሏታል። የፊት ለፊቱን ክፍል ልብስ መስፊያ አድርጋ እናቷን ስትጦር፣ ሁለቱን ወንዶች ስታስተምር የኖረች ስለሆነች ቃሏ ይሰማ ነበር። «የወንድሜን ሥራ ካላመንኩ የማንን ላምን ነው?» አለች አፏን ሞልታ። ማሻሻያም አቀረበች። ሊቁ መጀመሪያ፣ ማንኛውም ለውጥ የሚጸድቀው አራቱም እሺ ሲሉ ነው ብሎ ነበር።

«እማዬ ስልኳን ማቀዝቀዣ ውስጥ እየረሳች አራቱም ካልን፣ በረንዳ ላይ ማደራችን ነው። ሦስት ይበቃል።»

ተሳሳቁ። ሦስት ሆነ። እትዬ ከእናቷ አጠገብ ቁጭ ብላም አስጠናቻቸው። «አረንጓዴው እሺ ነው፣ ቀዩ እምቢ። ግራ ከገባሽ ዝም ብለሽ አረንጓዴውን ንኪ፤ እኛው ነን።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለደንበኛዋ ቀሚስ አድርሳ ስትመለስ ስልኳን በሩ ላይ አስጠጋች። ቀይ መብራት በራ።

«ይቅርታ፣ እርስዎ የመግቢያ ፈቃድ የለዎትም» አለ በሩ። በዚያ ቤት አንቱ ስትባል የመጀመሪያዋ ነው።

ደወለችለት።

«እትዬ፣ አትቆጪ» አለ ሊቁ፣ ሄሎ እንኳ ሳትለው።

«ገና መቼ ተቆጣሁ?»

«ማለቴ… የፊት ለፊቱን ክፍል ጠበቃው ቢሮ ሊያደርገው ነው። ባለጉዳዮቹ በቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል እየተረማመዱ አይሆንም። ለአንቺ ሌላ ቦታ እናፈላልጋለን። ፊት ለፊት መንገሩ ከብዶን ነው። ሲስተሙ ግን በትክክል ነው የሠራው። ሦስት እሺታ አግኝቷል።»

«ሲስተሙ የማን ልጅ ነው?»

«የእኔው ነዋ።»

«መልሰው!»

«ብቻዬን አልችልም እኮ፣ እትዬ። ማንም ብቻውን እንዳይችል አድርጌ ነው የሠራሁት።» ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት። ከሁሉ ያንገበገባት እሱ ነው።

ስልኩን ዘግታ አሰበች። ሁለቱ ወንዶቹ ናቸው። ሦስተኛዋ… ምስኪን እናቷ፣ እንደተማሩት አረንጓዴውን ነክተው ነዋ! ቀለል አላት። እማዬ ነገሩን ሰምታ አንዴ ከተቆጣቻቸው ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይመልሱታል። ደወሉን ተጫነች።

«ማነው?» አሉ እናቷ በሩ ላይ ባለችው ትንሽ ድምፅ ማውጫ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። እነዚህ ልጆችሽ ጉድ ሠርተውሻል። ዛሬ ስልክሽ ላይ የሆነ ነገር መጥቶልሽ ሳታዪው ነክተሽ ነበር አይደል?»



«መነጽሬን አድርጌ ነበር» አሉ እናትየው።

እትዬ ጣቷን ከደወሉ ላይ አነሳች።

«አንብቤዋለሁ፣ ልጄ። ምን ላድርግ? እነሱ ሲያኮርፉ ዓመት ነው። አንቺ ትችያለሽ። አንቺ ሁሌም ትችያለሽ።»

«ስለምችል ነው ያስወጣሽኝ?»

«ማን አስወጣሽ? ከውስጥ እኮ ይከፈታል። በመጣሽ ቁጥር ደውይልኝ፣ እከፍትልሻለሁ።»

«እንደ እንግዳ?»

በሩ ተከፈተ። እናትየው መልሶ እንዳይቆለፍ በትከሻቸው ደግፈውት ቆመዋል፣ ዓይናቸው መሬት መሬቱን ያያል። እትዬ በአጠገባቸው አልፋ ገባች። ያላለቁትን ልብሶች በአንሶላ ቋጠረች፤ መቀሱን፣ ሜትሩን፣ የክር ሣጥኑን አወጣች። የስፌት ማሽኑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ስትወጣ እናቷ ይነግሯት ነገር ያላቸው መሰሉ። አንድ ቃል፣ አንዲት «ተይው፣ ግቢ» ብትመጣ እዚያው መሬት ልታስቀምጠው ክንዷ ላላ አለ።

«ፈጠን በይ፣ ልጄ» አሉ እናትየው። «ትከሻዬን አመመኝ።»