ሟች የሌለበት ድንኳን

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አልኩና ከኋለኛው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነው የለበስኩት። ስድስት ወጣቶች በእድራችን ድንኳን ሥር፣ በእድራችን ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። የጎረቤቴ የበየነች ልጅ ትሁት ፊታቸው ቆማለች፤ እናትየዋ ግን የለችም። እንግዲህ በየነች ናት የሞተችው አልኩ በልቤ። ትናንት ወንፊቴን ተውሳኝ ሄዳለች እኮ። «በየነችዬ» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት፣ በየነች ራሷ የተቀቀለ ጎደሬ በሳፋ ይዛ ከጓዳ ወጣች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ ነጠላዬን እያየች።

«አንቺ ነሽ እንጂ የሆንሽው።»

«ዝም በይ አስካለች፤ ልጆቹ እየተማሩ ነው።»

በእኛ እድር ድንኳን ለሠርግ እንኳ አይወጣም። ከተተከለ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ የሚቀረው ማን እንደሞተ ማወቅ ነው። እኔ ምን ጥፋት አለብኝ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሁት ራቅ ካለ ዩኒቨርሲቲ ነርስነት ትማራለች፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። እዚያ መምህራኑ ሥራ ካቆሙ አምስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። የምግብ ቤቱ ሠራተኞችም ተከተሏቸውና ተማሪው ወደየቤቱ ተበተነ። የመውጫ ፈተናው ግን ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ማን አስተማረ፣ ማን አላስተማረ አይልም። ሃያ አንድ ቀን ቀርቶታል። የወደቀ አይመረቅም፣ ዓመት ይጠብቃል። በየነች ደግሞ ልጇን ሌላ ዓመት የምታስተምርበት አቅም የላትም። ከአፏ አልሰማሁም፤ አጥራችን ግን አንድ ነው።

ትሁት ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ የዚሁ አገር ልጆች ከሆኑ የክፍል ጓደኞቿ ጋር ተደዋወለች። ይስሐቅ ከጌጫ፣ ትዝታ ከማሻ ወረዱ፤ የቀሩት የእዚሁ የአማን ልጆች ናቸው። ትምህርቱን እንደ ደቦ ተካፈሉት። አንዱ ሳንባን፣ አንዱ ኩላሊትን፣ አንዷ ወሊድን አጥንቶ ለሌላው ያስተምራል። ሰሌዳ ስለሌላቸው በቆርቆሮው የግቢ በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በጠመኔ ይጽፋሉ። የከተማችን የሚዛን ዝናብ አላስቀምጥ ሲላቸው፣ በየነች የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ናትና ድንኳኑን አወጣችላቸው። ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ባየ ግን አልነገረችም።

ልሄድ ስነሣ ይስሐቅ መንገድ ዘጋብኝ።

«እትዬ አስካለች፣ ይቀመጡ። እርስ በርስ ስንጠያየቅ ሁላችንም ገባን እንላለን። እርስዎ ካልገባዎት ግን አልገባንም ማለት ነው።»

«እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።»

«ለዚህ ነው የፈለግንዎት» አለ። ጴንጤ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ መዋሸት አይችልበትም።

በዚሁ ፈታኝ ሆንኩ። የትሁት ድርሻ ልብ ነበር። በሩ ላይ ሥላ፣ ቀስት አስገብታ፣ ቀስት አስወጥታ፣ «ገባዎት?» አለችኝ።

«አልገባኝም። አንቺም አልገባሽም፤ መጽሐፉን ነው በቃል የምትወጪው።»

በማግሥቱ ደገመችው፤ አልገባኝም። በሦስተኛው ቀን ጠመኔውን ጣለችና፣ «ከፈተናው እሩብ ያህሉ ከዚህ ነው፤ ወድቄያለሁ ማለት ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። እሺ ገባኝ ልላት አሰብኩ። ግን ነገ በሽተኛ ፊት ስትቆም ታየኝና ምላሴን ያዝኩ።

ረቡዕ ጠዋት ከሉካንዳ የበሬ ልብ በፌስታል ይዛ መጣች። ጾም ስለሆነ ዞር ልል ነበር፤ ኋላ ማየት አያስገድፍም ብዬ ቀረብኩ። መጽሐፍ አልያዘችም። ልቡን በግራ እጇ ከፍ አድርጋ፣ በላይኛው ወፍራም ቧንቧ ውሃ በጣሳ አፈሰሰችበት። ውሃው ወደ ታች መውረዱን ትቶ እዚያው ቆመ።

«ለምን አይፈስም?» አልኩ።

«ይዩት።»

አጎንብሼ አየሁ። ሦስት ስስ ቆዳዎች፣ እንደ ቡና አበባ የሳሱ፣ ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ውሃውን ይዘውታል። የገፋቸው የለም። በሬው ከሞተ አድሯል፤ እነሱ ግን ሥራቸውን አልረሱም።

«ልብ ሲጨመቅ ተከፍተው ደሙን ያሳልፋሉ። ሲላላ፣ ደሙ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ጆሮዎን ደረት ላይ ሲያደርጉ የሚሰሙት ድም ድም፣ እነዚህ ደጆች ሲዘጉ ነው። በቀን መቶ ሺህ ጊዜ።»

እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። እዚያው ነው፤ ይዘጋል፣ ይዘጋል። ወንፊት ሳውስ፣ ሰው ሳማ፣ ተኝቼ ሳለሁ ሁሉ ያለ ዘበኛ ሲዘጋ ኖሯል። ሦስት ልጅ ወልጃለሁ፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥም ይኸው ተሠርቷል፣ ያውም እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል።

«ገባኝ» አልኩ። ትሁት ጣሳውን እንደያዘች አለቀሰች።

በዚህ መሐል የቆርቆሮው በር ተከፈተና ጋሽ ባየ የእድሩን መዝገብ በብብቱ ይዞ ገባ። ድንኳኑን ከመንገድ አይቶታል።

«ይፈታ» አለ። «ደንብ ደንብ ነው።»

በየነች የድንኳኑን ገመድ ልትፈታ ጎንበስ አለች። ዝናቡ እንደሆነ አላባራም፤ ፈተናው አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶታል። እኔ ግን፣ «ይፈታል፤ መጀመሪያ ይህን ይዩ» ብዬ እጁን ይዤ ወደ በሬው ልብ ጎተትኩት። ትሁት ዓይኗን ጠርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። አልተንተባተበችም። ጋሽ ባየ አጎነበሰ። ባርኔጣውን አወለቀ። «እስቲ ድገሚው» አለ። ኋላም ጣሳውን ተቀብሎ ራሱ አፈሰሰ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተና ለረጅም ጊዜ አላወጣውም።

ከሐሳቡ ሲነቃ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ መዝገቡን ገለጠ።

«ድንኳን ከወጣ የሟች ስም ይጻፋል» አለ። «ማን ብዬ ልጻፍ?»

በየነች ልቡን አየች፣ እኔን አየች።

«በሬ ብለው ይጻፉ።»

ጋሽ ባየ እስክሪብቶውን ከፈተ።

«አባል ነበር?»