በአፍ የተፈተነ ቱቦ

የአስቻለው መኪና የምትተነፍሰው በእኔ ሳንባ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ሲጠፋ ይመለስልኛል። መጀመሪያ ላይ ልቤ መስሎኝ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ልብዎ ደህና ነው ተባልኩ። ደህና በመሆኑ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ልብ ቢሆን ቢያንስ መድኃኒት ይሰጡኝ ነበር።

ቢተው እባላለሁ። ጎጃም በረንዳ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ቤት ላሜራ እየቆረጥኩ አሸንዳና የጭስ ማውጫ እሠራለሁ። የመኪና ነገር ሙያዬ አይደለም። አስቻለው የመጣብኝ የጎረቤቱን አሸንዳ ቀና ብሎ አይቶ፣ መታጠፊያው አምሮት ነው። ሰው ቀና ብሎ አሸንዳ ሲያይ ኖሮ አያውቅም፤ እሱ አየ፤ መከራዬም ከዚያ ጀመረ።

አስቻለው የአባቱን አሮጌ መኪና ለዓመታት ሲያድስ የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ ሁሉ መኪናዋን ያውቃታል፤ ስትሄድ ያያት ግን ጥቂት ነው። አባቱ በሕይወት ሳሉ ለሚስታቸው ለእማማ አንጓች በዚህች መኪና አገርሽ አደርስሻለሁ ብለው ቃል ሰጥተው ነበር። አገራቸው ከዓባይ ማዶ፣ ከደጀን ወዲያ ነው። አባትየው በየጊዜው ተነስተው ዓባይ በረሃን ይወርዳሉ፣ ድልድዩን ይሻገራሉ፣ የደጀንን ዳገት ሲጀምሩ ሞተሩ ይደክማል፣ ውሃው ይፈላል። ከዚያ ተጎትተው ይመለሳሉ። በመጨረሻ ዳገቱን የወጡት አስከሬናቸው በጭነት መኪና ሲሄድ ነው።

አሁን ደግሞ እማማ አንጓች ታመሙ። አገሬ ገብቼ ከባሌ አጠገብ ልረፍ አሉ። በአውቶብስ እንሂድ ሲባሉ እምቢ፣ በአውሮፕላን ሲባሉ፣ “ሰማዩንማ በቅርቡ አየው የለ፤ ምን አስቸኮለኝ” አሉ። ቃል የተገባላቸው በመኪናዋ ነው፤ የሚሄዱት በመኪናዋ ነው።

ስለዚህ አስቻለው ለሞተሩ ሱፐርቻርጀር ገዛለት። ይህ በቺንጊያ የሚዞር፣ ሞተሩን በግድ አየር የሚያጎርስ ዕቃ ነው። ከሌላ መኪና ሬሳ ላይ የተፈታ ስለሆነ አፉ ከዚችኛዋ ጋር አይገጥምም። ኮፋኖው ሥር የቀረው ቦታም በባትሪውና በራዲያተሩ መካከል ያለ ጠባብ ክፍተት ብቻ ነበር። በዚያ ሾልኮ የሚያልፍ የአየር ማስገቢያ ቱቦ ገበያ ላይ የለም። በእጅ መሠራት ነበረበት።

“እኔ እኮ አሸንዳ ሠሪ ነኝ” አልኩት።

“አሸንዳም ቱቦ ነው፣ ጋሽ ቢተው። በዚያ ውሃ ይወርዳል፣ በዚህ አየር ይገባል።”

ክርክር ስለሚደክመኝ ተቀበልኩ።

በካርቶን ልክ ወሰድኩ። ካርቶኑን ክፍተቱ ውስጥ እያስገባሁ፣ የነካበትን በመቀስ እየቀነስኩ፣ ሳይነካካ ሲያልፍ ላሜራው ላይ አስቀምጬ ቆረጥኩ። አፉን እንደ ጥሩምባ ሰፊ፣ አንገቱን በባትሪው በኩል ጠፍጠፍ ያለ፣ ጫፉን ክብ አደረግኩት። አስቻለው መታጠፊያው ክርን እንዳይኖረው አደራ አለኝ፤ አየር ድንገት ሲታጠፍ ይደናበራል አለ። እኔም ድንገት ስታጠፍ እንደዚያው ስለሆንኩ ነገሩ ገባኝ። ጫፉ ላይ በብሎን የሚታሰር ከንፈር በየድኩለት። እንደ አሸንዳ ትንሽ ቁልቁል ዘንበል ማለቱ ግን አልቀረም፤ እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው።

ሲያልቅ በአፌ ፈተንኩት። የሠራሁትን ቱቦ ሁሉ የምፈትነው እንደዚህ ነው፤ አባቴም እንደዚሁ ነበር። አንዱን ጫፍ በመዳፍ ደፍኖ በሌላው መንፋት፤ አየር ካላመለጠ ሌላም አያመልጥም። አሸንዳ ትንፋሽ የሚፈልግ ነገር ስላልሆነ እስከዚያ ቀን የነፋሁበት ሁሉ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ይህኛው ግን ሞተር ላይ የሚገባ ነበር። ይህን አላሰብኩም።

ነገሩን ያረጋገጠችው ባለቤቴ ብዙነሽ ናት። አንድ ቀን አስቻለው መኪናዋን ሊያሳየኝ ሱቄ ድረስ ነድቶ መጣ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አቃስታለሁ። እንዳጠፋት ትንፋሼ መለስ አለ። ሊሄድ ሲያስነሳት ተመልሶ ጠፋ። ብዙነሽ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ቆማ ታይ ነበር። ነገር የምታንዛዛ ሴት አይደለችም።

“አስነሳት እስቲ” አለችው። አስነሳት። እኔ ግድግዳውን ያዝኩ።

“አሁን አታጥፋት።”

ምሳውን አስቀምጣ አፍና አፍንጫዬን በመዳፏ ደፈነች። ሞተሩ ሳል ሳል አለና ቀጥ አለ።

“በቃ፣ የምትተነፍሰው በሱ ነው” አለች። ከዚያ ምሳው እንዳይቀዘቅዝ አሳሰበችና ሄደች።

ሌላ ቱቦ ሠራሁ። ይህኛውን በአፌ ሳይሆን በብስክሌት መንፊያ ፈተንኩት። መኪናዋ ጭራሽ አልነሳ አለች። አስቻለው ካንዴላውን ፈታ፣ ባትሪውን ለወጠ፤ ምንም። ያ ቱቦ የሚተዋወቀው ከብስክሌት መንፊያ ጋር ነው፤ ብስክሌት መንፊያ ደግሞ ሳንባ የለውም። የመጀመሪያውን መለስነው፤ ወዲያው ተነሳች፤ እኔም ወዲያው ተቀመጥኩ።

አስቻለው፣ “እኔ ልንፋበትና ወደ እኔ ይዙር” አለ። ጨዋ ልጅ ነው። ነገር ግን ነጂው ትንፋሽ ካጠረው መሪውን ማን ይይዛል? ብዙነሽን ማንም አልጠየቃትም።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። አስቻለው ሳይደውል አያስነሳም። “ጋሽ ቢተው፣ ልነሳ?” ይላል፤ “ጉርሻዬን ልዋጥ” እላለሁ፤ ይጠብቀኛል። መኪናዋ የት እንዳለች በደረቴ አውቃለሁ። ሜዳ ላይ ስትሆን ደረጃ እንደሚወጣ ሰው፣ ዳገት ላይ ስትሆን ጆንያ ተሸክሞ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እሆናለሁ። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ በዝግታ ብቻ ሲዞር፣ መካኒኮቹ ሚኒሞ በሚሉት ላይ ሲሆን፣ ሥራዬን እየሠራሁ መዋል እችላለሁ። ደክሞኝ ነበር። በፊትም ደክሞኝ ነበር፤ አሁን ግን ምክንያት አገኘሁለት።

ከጉዞው በፊት እማማ አንጓች ሱቄ መጡ። ከመኪናዋ አልወረዱም፤ በኋላ ወንበር ጋቢ ለብሰው እንደተቀመጡ እኔ ወጥቼ እጅ ነሳሁ። አስቻለው እኔን ለማክበር ብሎ መኪናዋን በሰው እያስገፋ ነው ያመጣት።

“ትንፋሽህን ተበደርን አሉ” አሉኝ።

“ምንም አይደለም፣ እማማ።”

“የደጀንን ዳገት ታውቀዋለህ?”

“በአውቶብስ ወጥቼዋለሁ።”

“በአውቶብስ ሌላ ነው” አሉ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ “የነፋበት ሰው ነው አይደል የሚተነፍስላት?”

“እንዲያ ይመስላል።”

“እኔ ብነፋበትስ?”

“እርስዎ የታመሙ ሰው፤ ኧረ እማማ” አልኩ። ዓይኔን ሳይሆን ደረቴን ነበር የሚያዩት።

ብዙነሽ ሂድ አትበለው ብላኝ ነበር። ያ ዳገት ይገድልሃል፤ እምቢ በል አለችኝ። ልክ ነበረች። ነገር ግን እምቢ ለማለትም ትንፋሽ ይጠይቃል። ደግሞ አንዲት አሮጊት አገሬ ልግባ ስትል፣ ሳንባዬን ልጠቀምበት ነበር ተብሎ አይመለስላትም።

የሄዱ ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። ብዙነሽ ትራስ ደራርባ አስደገፈችኝና አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ጀመር። ከአዲስ አበባ እስኪወጡ፣ የሱሉልታን ሜዳ እስኪያልፉ፣ እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ቻልኩት። ዓባይ በረሃን ሲወርዱ እንደ ሕፃን ተኛሁ፤ ቁልቁለት ላይ ሞተር ብዙም አይተነፍስም። አስቻለው ከድልድዩ ደወለ።

“ጋሽ ቢተው፣ ደረስን። ትንሽ ይረፉ። አሁን ወደ ላይ ነው።”

“እናትህ?”

“ደህና ናት። ወንዙን እያየች ነው።”

ከዚያ ዳገቱ መጣ። ስለ ዳገቱ ብዙ መናገር አልችልም፤ አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው የወጣሁት። ብዙነሽ ምስሩን ትታ እጄን ያዘች። በደረቴ አነሳስ፣ “አሁን ማርሽ ቀነሰ”፣ “አሁን ጠመዝማዛው ላይ ነው” ትላለች፤ መንገዱን አይታው አታውቅም። ጥፍሬ ሰማያዊ ሆነ። ስልክ ደወለች፤ ከድልድዩ ወዲያ ዳገቱ ላይ መስመር የለም። ፈራሁ። ሞትን ብዙ የምፈራ አልመሰለኝም ነበር፤ ለካ እፈራለሁ።

ከዚያ ትንፋሼ ተመለሰ። ቀስ እያለ አይደለም፤ በር እንደተከፈተ ሁሉ ገባ። ብዙነሽና እኔ ተያየን።

“ቆመች” አለች። እኔም ቆመች ብዬ አዘንኩ። ተጎትተው ይመለሳሉ አልኩ፣ እንደ አባትየው።

ምስሩ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ስልኩ ጮኸ።

“ጋሽ ቢተው፣ ደህና ነዎት?”

“ደህና ነኝ። የት ቆማችሁ?”

“ደጀን ገብተናል” አለ አስቻለው። ከድምፁ ኋላ ሞተሩ ይሰማኛል። ሚኒሞ ላይ ነው፤ ዝግ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ ይዞራል። እኔ ደግሞ እንደ ልቤ እተነፍሳለሁ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

“በማን?” አልኩት።

ነገረኝ። ዳገቱ መሐል ላይ መኪናዋ መድከም ስትጀምር እናቱ አቁም አሉት። ደግፎ አወረዳቸው። ኮፋኖውን አስከፈቱት፣ የአየር ማጣሪያውን ፊልትሮ አስፈቱት፣ በቱቦው አፍ ላይ ጎንበስ ብለው ነፉበት። እየተዉ እያረፉ፣ ብዙ ነፉበት። ሊከለክላቸው ሲል፣ “አንተን ጡት አጥብቻለሁ፤ ለመኪናህ ትንፋሽ ይከብደኛል? ያ ሰውዬ ይረፍ” አሉት። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ዳገቱን አንድም ጊዜ ሳትቆም ወጣች።

“አጥፋት እንጂ ታዲያ” አልኩት።

“ካጠፋኋት አትነሳም ብዬ ፈራሁ” አለ። የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ግን አጠፋት። እማማ አንጓች በልጃቸው ክንድ ላይ ሆነው አገራቸው ገቡ፤ ቤታቸውን አዩ፤ ጎረቤቶቻቸውን በየስማቸው ጠሩ፤ በሳምንቱ አረፉ። በባላቸው ጎን ተቀበሩ። አስቻለው ሲደውልልኝ አለቀስኩ። እፎይም አልኩ፤ እፎይ በማለቴ አፈርኩ። ሦስቱም ባንድ ላይ ሲመጡ ሰው የትኛውን ማስቀደም እንዳለበት አያውቅም።

ለቅሶ ለመድረስ በአውቶብስ ሄድኩ። የደጀንን ዳገት ስንወጣ በመስኮት እያየሁ ነበር፤ እያንዳንዱን ጠመዝማዛ አወቅኩት።

አስቻለውን ያገኘሁት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ላይ፣ መኪናዋን ተደግፎ ቆሞ ነው። መቃብሩ ከአጥሩ ባሻገር ይታያል፤ አፈሩ ገና አልደረቀም፣ ድንጋይ ተደርድሮበታል። አቅፎኝ አለቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ፣ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ነው፣ አብረን እንሂድ አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ አስነስቷት አያውቅም።

ገብቶ ቁልፉን አዞረ። በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳች። እኔ ደረቴን ያዝኩ፤ ምንም አልሆነም። በደስታ ቀና ስል መቃብሩን አየሁት።

ድንጋዮቹ ከፍ አሉ፤ መልሰው ዝቅ አሉ። ከፍ አሉ፤ ዝቅ አሉ። በዝግታ፣ ሚኒሞ ላይ እንዳለ ሞተር፣ ደህና እንቅልፍ እንደተኛ ሰው።

አስቻለውም አየ። እጁ ቁልፉ ላይ ነበር። ቁልፉን አላዞረውም። ቀስ ብሎ እጁን አነሳና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

“ጋሽ ቢተው” አለኝ። “በአውቶብስ ቢመለሱ ቅር ይልዎታል?”

“ቅር አይለኝም” አልኩት።

“ነዳጁ ብዙ የለም።”

“ለለቅሶ ቤቱ ሰዎች እነግራቸዋለሁ።”

ነገርኳቸው። ለቅሶ ቤት የጎደለውን ይዞ መምጣት የአገሩ ወግ ነው፤ እንጀራ ከጎደለ እንጀራ፣ ውሃ ከጎደለ ውሃ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። አንዱ በበቅሎ፣ አንዱ በባጃጅ፣ ከደጀን ማደያ ቤንዚን በጀሪካን እየያዙ መጡ፤ በመኪናዋ ጎን ደረደሩና ነፍስ ይማር እያሉ ተቀመጡ። ቄሱ ወጥተው መቃብሩን አዩ፣ አማተቡ፣ በቅዳሴ ሰዓት ነዳጅ እንዳይረግጥ ብቻ አስቻለውን ለመኑት።

አውቶብሱ ሊሄድ ስለነበር ተሰናበትኩ። ከበሩ ወጥቼ ዞር ስል ጀምበር እያዘቀዘቀች፣ ነፋሱም ቀዝቀዝ ማለት ጀምሮ ነበር። አንዲት ጎረቤት ተነስታ ሄደችና የራሷን ጋቢ አውልቃ መቃብሩ ላይ አለበሰችው። ዳር ዳሩን በድንጋይ ሥር ሸጎጠችላቸው። ጋቢው ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ፤ ከፍ አለ።