ኩላሊት ሲያንሰራራ

ትሕትና ስድስት ወር ሙሉ ከአይጦች ጋር ነው የከረመችው። ሚዛን ተፈሪ ባለው ቤተ ሙከራ ጠዋት ጠዋት ትመግባቸዋለች፣ ትመዝናቸዋለች፣ ሽንታቸውን ትለካለች። ቴፒ ያሉት ዘመዶቿ «ተምራ ተምራ አይጥ ጠባቂ ሆነች» እያሉ ይስቁባታል። የማይስቀው ታላቅ ወንድሟ ዓባይነህ ብቻ ነው።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ቡና በሚለቀምበት ወር፣ ዓባይነህን ወባ ጣለው። ትኩሳቱ ሲበርድለት ሽንቱ ቆመ፤ ፊቱ አባበጠ። ጅማ ተወስዶ ደሙ በማሽን ቢታጠብም ቤተሰቡ እርሙን ሊያወጣ ምንም አልቀረውም ነበር። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ግማሽ ብርጭቆ የማይሞላ ሽንት ሲወጣው ነርሷ ሳይታወቃት እልል አለች። ትሕትና ያን ጊዜ ተማሪ ነበረች። የሞተ ኩላሊት እንዴት እንደሚነሣ ሳትጠይቅ የዋለችበት ቀን ከዚያ ወዲህ የለም።

አሁን የምትሠራው ሙከራ እንዲህ ነው። ሃያዎቹ አይጦች ሁሉ ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት ይወጋሉ። ገሚሶቹ የእድገት ፋክተር ይጨመርላቸዋል፤ ይኸውም የተጎዱት ሴሎች እንዳይሞቱ፣ የተረፉትም እንዲባዙ መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን ነው። የቀሩት የጨው ውኃ ብቻ ይሰጣቸዋል። የትኛዋ አይጥ የቱን እንደ ወሰደች የሚያውቁት ኃላፊዋ ዶክተር ሰይፈዲን ብቻ ናቸው፤ ዝርዝሩን በፖስታ አሽገው ቆልፈውበታል።

የመጨረሻው ምርመራ ቀን ዓባይነህ ለገበያ ሚዛን ተፈሪ መጥቶ ሊጠይቃት ገባ። «አንድ ጊዜ ቁጭ በል፣ ጋሼ» አለችውና ዓይኗን ወደ ማይክሮስኮፑ መለሰች። ከአይጦቹ ተወስደው በቀለም የተነከሩት የኩላሊት ቁራጮች አሳዘኗት። ጥቃቅኖቹ ቱቦዎች ፈራርሰዋል፤ የረገፉት ሴሎች መተላለፊያውን ደፍነውታል። አራተኛውን ስታስገባ ግን እጇ ባለበት ቀረ።

እዚህም ጉዳት አለ። ነገር ግን የተረፉት ሴሎች ከዳርና ከዳር ተለጥጠው የተራቆተውን ግድግዳ ሸፍነውታል። አንዷ መሃሏ ሰርጉዶ ለሁለት ልትከፈል ነው።

«ጋሼ፣ ና እይ!»

ዓባይነህ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። «ይቺ መሃሏ የቀጠነችው ምን ሆና ነው?»

«ሁለት ልትሆን ነው። ጎረቤቷ ሞታባት ቦታውን እየሞላች ነው።»

«የኔም እንዲህ አድርጎ ነው የዳነው?»

«ሳይሆን አይቀርም። ይህን ፕሮቲን ሰውነትም ራሱ ይሠራዋል። እኛ ቀድመን ብንጨምርለት ይበረታ እንደሆነ ነው የምንፈትነው።»

«እኔ ራሴን ስቼ ተኝቼ፣ ይህ ሁሉ ሥራ ውስጤ?» ሳያስበው እጁ ወደ ጎኑ ሄዶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ትሕትና የሃያዎቹን ሁሉ ውጤት ጽፋ ስታበቃ ዶክተር ሰይፈዲን ፖስታውን ቀደዱ። ከቁጥሮቹ ጋር እያመሳከሩ ቀስ ብለው አነበቡ። ፕሮቲኑን ከወሰዱት አሥር አይጦች የስምንቱ ኩላሊት ተርፏል፤ የጨው ውኃ ከወሰዱት የሁለቱ ብቻ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሱብሐነላህ!» አሉ።

«ፕሮቲኑን ከወሰዱት ግን ሁለቱን ለምን አላዳናቸውም?» አለች ትሕትና።

«አላውቅም፣ ልጄ። አይጥና ሰውም አንድ አይደሉም፤ ገና ብዙ ዓመት ይፈጃል።»

ዓባይነህ የቴፒ መኪና እንዳያመልጠው ተሰናብቷት ወጣ። እሷም ያልዳኑትን የሁለቱን ቁራጮች ከሣጥኑ ለይታ አወጣችና የመጀመሪያውን ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገባች።